ጭራዋን የጨረሰችው እንቁራሪት የማን ናት?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ «እማማ ዘነበች፣ ሥራዎ ምን ነበር?» ይለኛል። «ትምህርት ቤት ጽዳት» ስል «እህ» ብሎ ያልፋል። «እንቁራሪት አሳዳጊ» ስል ግን ቆሞ ይስቃል። ሁለቱም እውነት ነው። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለመጀመሪያው ነበር፤ ከአልጋዬ ቶሎ የሚያስነሣኝ ግን ሁለተኛው ነው። የልጅ ልጆቼ ወሬውን እያጣመሙ አስቸገሩኝ። አንዷማ አያቴ አዞ አሳድጋለች ብላ ለጓደኞቿ ነግራለች። ስለዚህ እኔው ራሴ ልጽፈው ተነሣሁ። ትምህርቴ በሚሲዮን የማታ ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ለዚህ ይበቃል።

ሥራ የጀመርኩት በንጉሡ ዘመን ሾኔ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ነው። አለቃዬ መርፌ ወጊው ድሬሰር ነበር፤ ቁጡ ሰው፣ ግን ንጹሕ። መርፌ የሚቀቀልበትን ድስት እንዳጥብ ሰጠኝና፣ ታጥቦ ሲያበቃ አሽትቶት መለሰልኝ። «ሳሙና ይሸታል። ሳሙናውም እድፍ ነው፤ እሱንም እጠቢው» አለኝ። ያን ቀን ተናደድኩበት። በኋላ ግን ነፍስ ያዳንኩት በዚያች ቃል ነው፤ ትንሽ ነፍስ ብትሆንም።

ከሾኔ ጃጁራ ተዛወርኩ፣ ትምህርት ቤት። እዚያ ዳይሬክተሩ ሴት ሠራተኞችን ለቤቱ ውሃ ያስቀዳ ነበር። እኔ እንስራዬን መሬት አስቀምጬ «ጌታዬ፣ ይህ ውሃ የትምህርት ቤቱ ነው ወይስ የእመቤቲቱ?» አልኩት፣ ተማሪ ሁሉ በተሰለፈበት። ሳምንቱ ሳያልቅ ሆሳዕና ተዛወርሽ ተባልኩ። ቅጣት መሆኑ ነበር። የሆሳዕናው ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍል ስለሚሸት ማንም ሊያጸዳው አይወድም ነበርና፣ እሱን ለእኔ ሰጡኝ። እግዜር ይስጣቸው።

የሳይንሱ አስተማሪ መምህር አጥናፉ ይባላል፤ የሰሜን ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ክር፣ ብልቃጥና ደረቅ ቅጠል የማይጠፋ። መጀመሪያ ያስደነቀኝ አጠራሩ ነው። ሌሎቹ «አንቺ» ሲሉኝ እሱ «ወይዘሮ ዘነበች» ይለኝ ነበር፤ ተማሪ ፊትም፣ ዳይሬክተር ፊትም። ሁለተኛው ልማዱ፣ እንስሳ ወዳለበት ሣህን ሲጠጋ ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ይከታል፣ እጁን በዝናብ ውሃ ይለቀልቃል፣ ከዚያ ይንበረከካል። ቆሞ ያየው እንስሳ የለም። «ከላይ ሲታይ ሁሉም ፍጥረት አንድ ይመስላል» ይል ነበር። ሦስተኛው፣ ነገር ሲጠየቅ ቶሎ አይመልስም። የሚያውቀውን እንኳ «እስኪ እንይ» ይላል፤ አይቶም ነው የሚናገረው።

እኔ እንቁራሪት እፈራ ነበር። በልጅነቴ ከነካሽው እጅሽ ኪንታሮት ያወጣል እየተባልኩ ነው ያደግሁት። መምህር አጥናፉ ይህን ስነግረው አልሳቀብኝም። አንዷን መዳፉ ላይ አስቀምጦ «እኔ ይኸው ስንት ዓመቴ፤ እጄን ይዩት» አለ። አየሁት። ጠመኔ እንጂ ኪንታሮት የለበትም።

የመጀመሪያው ዓመት አሳዛኝ ነበር። መምህሩ ከወንዝ ዳር እንቁላል አምጥቶ ትልቅ ሣህን ውስጥ ጨመረ። እንቁላሉ እጭ ሆነ፤ ጭራ ያላት ጥቁር ነገር፣ ራሷ ብቻ የሚዋኝ የምትመስል። ጎመን ቀቅዬ አድቅቄ አበላኋቸው። የኋላ እግር አወጡ፤ ተማሪው እየተንጫጫ መጣ። ቀጥሎ የፊት እግራቸው ቆዳውን ቀዶ ብቅ አለ። ያ ዓርብ ነበር። «ሰኞ ይደርሳል» ብለን በሩን ዘጋን። ሰኞ ስከፍት ሁሉም ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ተንሳፍፈዋል። አንድ እንኳ አልተረፈም።

መምህር አጥናፉ ተንበርክኮ ብዙ ቆየ። ከዚያ ጣቱን በሣህኑ ግድግዳ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች አንሸራተተ። ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፤ ልሙጥ ነው። «ሰጥመው ነው» አለ። «እንቁራሪት ይሰጥማል?» አልኩት። «እጭ ሳለች በውሃ ትተነፍሳለች። እግሯ ሲወጣ ግን ሳንባ ታበጃለች፤ ያን ጊዜ መውጫ ካላገኘች እንደኔና እንደ እርስዎ ትሰጥማለች። መውጫ አላበጀንላቸውም።» ተማሪዎቹ አለቀሱ፤ እሱ ደግሞ ክፍል ፊት ቆሞ ስህተቱ የእኔ ነው ብሎ ነገራቸው። አስተማሪ እንዲህ ሲል ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከዚያን ቀን ወዲያ የፊት እግር ሊወጣ ሲል ውሃውን ቀንሰን፣ ድንጋይ አጋድመን፣ ከድንጋዩ ላይ እርጥብ ሣር አልብሰን መውጫ መንገድ እንሠራ ጀመር።

ሁለተኛውን ነገር ያስተማረኝ ያኔ ነው። ጭራዋ እያጠረ ያለች እንቁራሪት አትበላም። አፏ እየተለወጠ ነው። እኔ ራቧ አሳዝኖኝ ጎመን ልሰጥ ስል እጄን ያዘ። «ጭራዋን እየበላች ነው፣ ወይዘሮ ዘነበች። ስንቋ እሱ ነው። እሱ ሲያልቅ ግን ጎመን አትፈልግም፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው የምትፈልገው፣ ከራሷ ያነሰ።»

አሁን ወደ ታደለችና ወደ ሰይፉ ልምጣ።

በሚቀጥለው ዓመት የበልጉ ዝናብ ሲጀምር መምህሩ ስድስተኛ ክፍሎችን «እንቁላል አምጥታችሁ ጭራዋን እስክትጨርስ አሳድጉ» አላቸው። ብዙዎቹ በሳምንቱ ሰለቻቸው። ሁለት ብቻ ቀሩ። አንደኛው ሰይፉ ነው፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ልጅ፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ አፉ የማያርፍ። እንቁላሉን ከወንዙ ዳር ካለው ሣራም ውሃ ነው ያመጣው። ሁለተኛዋ ታደለች ናት፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ በእግሯ የምትመጣ፣ ዝምተኛ፣ ክርክር ግን የማትተው። የእሷ እንቁላል ልዩ ነበር። ከእናቷ እንሰት ግርጌ ካለች ኩሬ ላይ፣ በተጣጠፈ ቅጠል ውስጥ ተጣብቆ ነው ያገኘችው። ቅጠሉን እንደ ደብዳቤ አጥፋ እንቁላሏን የጣለችበት እናትየዋ እንቁራሪት ራሷ ናት አለ መምህሩ፤ ደስታው ልክ አልነበረውም።

ታደለች ግን የያዘችው ጉዳይ ከደስታ በላይ ነበር። አባቷ አቶ ላምቦሬ በሰኔ ከትምህርት ቤት ሊያስወጣት ወስኗል። ሾኔ ቅቤ የምትነግድ አክስት አለቻት፤ እዚያ ትሂድና ገበያ ትልመድ ነው የሚለው። ክፉ ሰው አይደለም። ገበያ ላይ አግኝቼው በሀዲይኛ ተከራከርኩት።

«ልጅቷ ጎበዝ ናት» አልኩት።

«ጎበዝ መሆኗን አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ የወለድኳት። ትምህርት ቤታችሁ ነው ሰነፍ። የጓሮ አትክልት ጀመራችሁ፣ ፍየል በላው። ጉድጓድ ጀመራችሁ፣ ጎረምሳ ወደቀበት። ትምህርት ቤት መጀመር እንጂ መጨረስ አያውቅም። ልጄ የጨረሰችውን አንድ ነገር ያሳዩኝና አስቀራታለሁ።»

«እንቁራሪት እየጨረሰች ነው!» አልኩት።

ቆጮ የሚሸጡት ሴቶች ሁሉ ሳቁ። እሱም ሳቀ። ግን «ቃሌ ነው» አለ። እኔም ለታደለች ነገርኳት። ነገሩ እንዲህ ከባድ ሆነ።

ግንቦት ላይ ከአውራጃው እንግዳ ይመጣል ተባለና የሳይንስ ክፍሉ ይጽዳ፣ ውሃ ውሃውም ይውጣ ተባለ። እኔ ያን ቀን ዳይሬክተሩ ቢሮ ወለል ላይ ነበርኩ። ዘበኛው ትእዛዙን ሰምቶ ሁለቱንም ሣህኖች አንድ ባልዲ ውስጥ ገለበጣቸው፤ ባልዲውንም ፀሐይ ላይ አኖረው። ስደርስ ጮኽኩበት። «እትዬ፣ ምን አጠፋሁ? ሁሉም እንቁራሪት አይደሉም እንዴ?» አለኝ።

ባልዲው ውስጥ አንዲት ብቻ በሕይወት ነበረች። አራት እግር አላት፤ ጭራዋ የጤፍ ፍሬ ያህል ቀርቷል። ከጥፍሬ አትበልጥም። ቡናማ፣ ምንም ምልክት የሌላት። በባልዲው ጠርዝ ላይ ተጣብቃ ትተነፍሳለች።

ታደለች መጣች፤ ሰይፉ መጣ። ሁለቱም በአንድ ድምፅ «የኔ ናት!» አሉ።

«የኔ መሆኗን በምን አወቅህ?» አለች ታደለች ተሳስታ፤ ከዚያ «ያንተ» ብላ አስተካከለች። በኛ አገር ስንናደድ አማርኛው ይደበላለቃል።

«ራስሽ ያንተ አልሽ፤ ምስክር ይያዝልኝ!» አለ ሰይፉ። የጸሐፊ ልጅ ነዋ።

መምህር አጥናፉ ሰዓቱን ፈታ፣ እጁን ለቀለቀ፣ ተንበረከከ። «እጭ ብትሆን ኖሮ በጭራዋ እለያት ነበር» አለ። «አሁን ጭራዋ አልቋል። ቀለሟ ገና አልመጣም። አላውቅም።»

ልጄ ልጄ እያልኩ ለታደለች ያዳላሁ እኔ ነኝ። እንቁራሪቷን በብርጭቆ ውስጥ ሳስገባት ብርጭቆውን ቀጥ ብላ ወጣች። ጮኽኩ። «ይኸው! የወንዝ ዳሯ እንቁራሪት መዝለል እንጂ መውጣት አታውቅም። ይህቺ የእንሰት ናት፤ የታደለች ናት!» ታደለች ዘለለች። ሰይፉ ፊቱ ቀላ። ነገሩ ያበቃ መሰለ።

መምህሩ «እስኪ እንይ» አለ። ብርጭቆውን በደረቅ ጨርቅ ጠረገና መለሳት፤ ተንሸራታ ወደቀች። «እርጥብ ስለነበረ ነው» አለ። «ይህችን ያህል ቀላል የሆነች፣ ሆዷ እርጥብ የሆነ የየትኛዋም እንቁራሪት ልጅ እርጥብ መስታወት ላይ ትጣበቃለች። የወንዟም ትጣበቃለች። የእንሰቷ ጣት ጫፍ ላይ የሚወጣው ክብ ደግሞ ገና ነው፤ ሲያድግ ነው የሚታየው።»

ዝም ብሎ ቢያልፈው ኖሮ ታደለች አሸንፋ ነበር። ሰኔ ደርሷል። ልጅቷ አየችኝ፤ ዓይኗ «ተይው በይው» ይለኛል። ግን ጃጁራ ላይ ውሃ አልቀዳም ብዬ የተባረርኩት፣ ደካማ ስለተበደለ ነበር እንጂ ወገኔ ስለሆነ አልነበረም። «ሰይፉም ልጅ ነው» አልኳት። «በውሸት ማስረጃ አባትሽ ፊት አንቆምም። ትደግና ትናገር። እስክትናገር ግን ከሞተች ሁላችሁም ተሸንፋችኋል።»

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሁለቱ ልጆች እርስ በርስ ተጠባባቂ ሆኑ፤ አንዱ ሌላው ያመጣላትን ምግብ አይነካም፤ ግን አንዱ ሲሳሳት ሌላው ይጮኻል። የእንጨት ሣጥን አበጀን፤ ላዩን በአጎበር ቁራጭ ሸፈንነው። ከታች እርጥብ አፈር፣ ከዚያ ላይ ድንጋይና የእንሰት ቅጠል ቁራጭ። ውሃው የዝናብ ብቻ። ሣጥኑን ልንነካ ስንል ሳሙናውን ጭምር ታጥበን እናስለቅቅ ነበር፤ እንቁራሪት በቆዳዋ ትጠጣለች፣ ሳሙናም ትጠጣለች። ድሬሰሩን ያኔ መረቅሁት።

ጭራዋ እስኪያልቅ ምግብ አልሰጠናትም። አለቀ። ያኔ ትልቁ ጭንቀት መጣ፤ ሰይፉ ያመጣው የቤት ዝንብ ለእሷ በሬ ነው። ፊቷ ሲያልፍ ሸሸች። ታደለች የሰበሰበችው ጉንዳን ደግሞ ነከሳት። ከሣች። የጭኗ አጥንት በቆዳዋ ሥር ታየኝ። መምህሩ ለአንድ ቀን ጭንቅላቱን ይዞ ዋለ። ከዚያ ሰይፉ «ቤታችን ሙዝ ሲበሰብስ የሚንጫጫው ትንሽ ዝንብስ?» አለ። ታደለች ደግሞ «ጎመናችን ክሽክሽ ይዞታል፤ ቅጠሉን ከነተባዩ ላምጣ?» አለች። ሁለቱንም አመጡ። ልጣጩን ከነዝንቡ አጎበሩ ሥር አደረግነው። አጎንብሰን ትንፋሽ ያዝን። እንቁራሪቷ ራሷን ዘንበል አደረገች። ምላሷ ወጥታ መመለሷን አላየሁም፤ ዝንቧ ግን የለችም።

«በላች!» አለ ሰይፉ፣ ታደለችን አቅፏት። ከዚያ ትዝ ሲለው ለቀቃት። እሷም ትከሻዋን ጠረገች። መምህር አጥናፉ ከተንበረከከበት ሳይነሣ እጁን አጨበጨበ።

አደገች። ሆዷ ክብ ሆነ። ቡናማነቷ ወደ ደብዛዛ ወርቅ መጣ። መምህሩ ግን አልተቀበለም። «ቀለም ይዋሻል፤ ቅጠል ላይ ስትቀመጥ ሌላ፣ አፈር ላይ ሌላ ነው። ከትልልቆቹ ጋር ጎን ለጎን እንያት።» የወንዟን ትልቅ ሰይፉ ይዞ መጣ፤ ረጅም እግር፣ ሹል አፍንጫ ያላት። የእንሰቷን ግን ታደለች ማግኘት አልቻለችም። ቅጠሉን ብትገልጥም እንቁራሪቷ ወደ ሥሩ ትገባባታለች። ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ጥቂት ቀን ቀረው። አክስቷ ከሾኔ ሰው ልካለች።

ዓርብ ረፋድ ላይ በሩ ላይ አቶ ላምቦሬ ቆሞ አገኘሁት። ጋቢውን ደረቱ ላይ ጨብጧል፤ የሆነ ነገር እንዳያመልጠው የያዘ ይመስላል።

«ልጅቱን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለኝ። «ሌሊት አልተኛችም። አንድ እንቁራሪት አምጣልኝ፣ አምጣልኝ። የእንሰት ቅጠል የማወርድ እኔ፣ በቅጠሉ ብብት ስንቱን እንዳየሁ ታውቃለች። እንዲያው ልቧ እንዲያርፍ ይዣለሁ።» ጋቢውን ገለጠ። በታጠፈ የእንሰት ቅጠል ውስጥ ወርቃማ እንቁራሪት ተቀምጣለች።

መምህር አጥናፉ ከወንበሩ ተነሥቶ ጎንበስ አለለት። «አቶ ላምቦሬ፣ እንደምን አደሩ። እባክዎ እርስዎም ይንበርከኩ።»

«እኔ? ለእንቁራሪት?»

«ሁላችንም እንንበረከካለን።»

ተንበረከከ። ሦስቱን እንቁራሪቶች በመስኮቱ ብርሃን ፊት በሦስት ብርጭቆ አስቀመጥናቸው። መምህሩ «ዓይናቸውን እዩ» አለ። ብርሃኑ ሲያርፍባቸው ብሌናቸው መጥበብ ጀመረ። የወንዟ ብሌን እንደ ተጋደመ እንጨት ሆነ። የእንሰቷ እንደ ድመት ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁለቱ እንዲህ የተለያዩ መሆናቸውን እኔ ያን ቀን ነው ያየሁት። ከዚያ ወደ መሐከሏ፣ ወደ ትንሿ ዞርን። ዓይኗ የሰናፍጭ ፍሬ ያህል ነው። ብሌኗ ጠበበ፣ ጠበበ፤ ቆመ።

ሰይፉ ነው መጀመሪያ የተናገረው። «ቆመ» አለ በቀስታ። ድምፁ ተሰብሯል፤ ግን «ያንቺ ናት፣ ታደለች» አላት። እኔ ያን ጊዜ ልጁን ወደድኩት።

መምህሩ ብርጭቆውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ትንሿን መለሳት። አሁን ደረቅ መስታወት ላይ ወጣች፤ ጣቶቿ ጫፍ ላይ ያሉት ትንንሽ ክቦች ተለጥፈው ታዩ። «አሁን ጥርጥር የለም» አለ። «ታደለች ከእንቁላል እስከዚህ ጨርሳለች። ሰይፉም አግዟት ነው፤ የእሱ የሙዝ ዝንብ ባይኖር አንዳቸውም አይጨርሱም ነበር። የሁለቱንም ስም እጽፋለሁ።»

አቶ ላምቦሬ እንደተንበረከከ ቀረ። ትልቋን ያያል፣ ትንሿን ያያል። «ይሄ የኛ ልጅ ነው» አለ፤ ስለ እንቁራሪቷ ነው። «ቅጠሌን ሳወርድ በእግሬ ስንቱን ረግጫለሁ! ይሄ ሁሉ ነገር ግንዱ ሥር ነበር?» ከዚያ ወደ ታደለች ዞረ። «በልተሻል ዛሬ?»

«አልበላሁም» አለች ታደለች።

«ብዪ። ክረምቱን ሾኔ ሂጂና አክስትሽን እርጂ። መስከረም ትመለሻለሽ።»

ታደለች እግሩ ላይ ወደቀች፤ ብርጭቆው ሊገለበጥ ሲል እኔ ያዝኩት። ሰይፉ እየሳቀ ነበር፤ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ ይስቃል። ትንሿን አቶ ላምቦሬ ራሱ ወስዶ በኩሬዋ ዳር ለቀቃት።

በመስከረም የመመዝገቢያው ቀን ወለሉን እያጠብኩ ሳለ አቶ ላምቦሬን በሰልፉ ውስጥ አየሁት። ታደለች ከኋላው አለች፤ ወፍራለች፣ ቅቤ ትሸታለች። ከፊቱ ግን ሌላ ልጅ ቆማለች፤ ከታደለች ታናሽ፣ ትምህርት ቤት ትገባለች ተብላ ፈጽሞ ታስባ የማታውቅ። ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ መምህር አጥናፉን ሽቅብ ታየዋለች።

«ይህችንም ጻፉልኝ» አለ አቶ ላምቦሬ። ከዚያ ድምፁን ቀነሰና ወደ መምህሩ ጠጋ አለ። «ግን አስቀድሜ ልንገርህ፣ መምህር፤ ይቺ እንቁራሪት ትፈራለች። ሌላ የሚጨረስ ነገር ፈልጉላት።»